የዶላር ወረፋ ቀለለ፣ ሙሉ ዋጋውን ማወቅ ግን ገና ነው፦ የአንድ ባንክ የኤልሲ አገልግሎት ሲገመገም

የምገመግመው የአንድ የግል ባንክን የውጭ ምንዛሬ ክፍል ነው። ስለ ምግብ ቤትና ስለ ስልክ የሚጽፍ ሞልቷል። ስለ ባንክ ኤልሲ፣ ማለትም ባንክ ለውጭው አቅራቢ ሰነዱን ሲያቀርብ እንደሚከፍለው ስለሚሰጠው ዋስትና፣ ግን ብዙ ሰው አይጽፍም፤ አስመጪው ግን ገንዘቡንም፣ ጊዜውንም፣ ጤናውንም የሚጨርሰው እዚያ መስኮት ፊት ነው። የባንኩን ስም አልጠራም። የማነሳቸውን ችግሮች ነጋዴዎች ስንገናኝ ስለ ብዙ ባንክ ስለምሰማቸው አንዱን ብቻ ነጥሎ ማቆም ፍትሐዊ አይመስለኝም።

የልብስ ስፌት መኪና መለዋወጫ ነው የማስመጣው። መርፌ፣ ቦቢን፣ ቀበቶ፣ ሞተር፣ ጁኪ ወይም ጃክ የሚባለውን የስፌት መኪና የያዘ ሰው መኪናው ሲቆምበት የሚፈልገውን ሁሉ። ደንበኞቼ የመርካቶ ቸርቻሪዎች፣ የሽሮ ሜዳ ሰፊዎችና ጥቂት የጋርመንት ፋብሪካዎች ናቸው። ዕቃው አብዛኛው ከቻይና፣ አንዳንዴም ከዱባይ ይመጣል። ኮንቴይነር ሙሉ የማልሞላበት ጊዜ ስለሚበዛ ከሌሎች ጋር እንካፈላለን። ስለዚህ ይህ የትንሽ አስመጪ አስተያየት ነው። በሚሊዮን ዶላር የሚያንቀሳቅስ ሰው እዚያው ባንክ ውስጥ ሌላ መስተንግዶ ሊያገኝ ይችላል።

አጭሩን ልንገራችሁ። ዶላር አለ። ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀበት የሐምሌ 2016 ሪፎርም በፊት ብትጠይቁኝ ይህን ቃል እጽፋለሁ ብዬ አላስብም ነበር። ዛሬ ሰነዱን አሟልቶ፣ ብሩንም ይዞ የሚቀርብ ትንሽ አስመጪ በሳምንታት ውስጥ ኤልሲ ሊከፈትለት ይችላል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ያ ዶላር መጨረሻ ላይ ስንት ብር እንደሚያስወጣው፣ ገንዘቡን ከማስገባቱ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ ደምሮ የሚሰጠው የለም። ገበያ ከተከፈተ ዋጋ መለጠፍ አለበት። ቅሬታዬ ሁሉ ተጠቅልሎ የሚመጣው እዚህ ነው።

በፊት እንዴት እንደነበር ለማያውቅ ትንሽ ላብራራ። ፕሮፎርማችንን እናስገባለን፣ እንመዘገባለን፣ ከዚያ እንጠብቃለን። ነዳጅ፣ ማዳበሪያና መድኃኒት ይቀድማሉ፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። ከእነሱ በኋላ ግን ወረፋው በምን መንገድ እንደሚሄድ በግልጽ የሚነግር አልነበረም። ወራት ያልፋሉ፣ ዓመትም ያልፋል። በመሃል አቅራቢው ዋጋ ይጨምራል፣ ፕሮፎርማው ጊዜው ያልፍበታል፣ ሌላ አስልከን እንደገና እናስገባለን። ወረፋውም እንደገና ይጀምራል። ከኋላችን ተመዝግቦ ቀድሞን ዕቃ የሚያስገባ ሰው እያየን ዝም ማለት ነበር ዕጣችን። ወረፋ የማሳጠር ኮሚሽን ስንት በመቶ እንደሆነ መርካቶ ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ደላላው ራሱ በግልጽ ይናገረው ነበር።

የግል ባንኮቹም ቢሆኑ እጃቸው ታስሮ ነበር፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ እበድላቸዋለሁ። ጥር 2014 ላይ የወጣው መመሪያ ባንክ ካገኘው የውጭ ምንዛሬ 70 በመቶውን ለብሔራዊ ባንክ እንዲያስረክብ ያዝ ነበር። 20 በመቶው የላኪው ነው። ለባንኩ የሚቀረው 10 በመቶ ብቻ። ከመቶ ዶላር አሥር ዶላር ይዞ ለሺህ አስመጪ ማዳረስ አይቻልም። በዚያ ላይ ጥቅምት 2015 ላይ 38 ዓይነት ዕቃዎች የባንክ ዶላር እንዳያገኙ ታገዱ። አውቶሞቢል፣ መጠጥ፣ ኮስሞቲክስ፣ የቤት ዕቃ፣ ሌላም። የኔ ዕቃ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ግን አልተከለከልኩም ማለት አገኘሁ ማለት አልነበረም።

በሪፎርሙ ዋዜማ በይፋ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ጥቁር ገበያው ላይ ደግሞ ከ110 በላይ። ይህን ልዩነት በቁጥር እንየው፤ የሪፎርሙ ክርክር ሁሉ ያለው እዚህ ውስጥ ነውና። አንድ ሰው 20 ሺህ ዶላር በ57 ብር ከ50 ሳንቲም ሒሳብ ከባንክ ቢያገኝ 1 ሚሊዮን 150 ሺህ ብር ይከፍላል። ያው 20 ሺህ ዶላር በትይዩ ገበያ በ115 ብር ሲሰላ 2 ሚሊዮን 300 ሺህ ነው። ባንኩ ዶላሩን የፈቀደለት ሰው ዕቃውን ገና ሳያዝ 1 ሚሊዮን 150 ሺህ ብር ኪሱ ገባ ማለት ነው። ዕቃውንስ በስንት ነበር የሚሸጠው? በ57 ብር ሒሳብ የመጣ ዕቃ በ57 ብር ሒሳብ ሲሸጥ እኔ አላየሁም። መርካቶ ዋጋ የሚቆርጠው በጥቁር ገበያው ነበር፤ ነጋዴው ነገ ያንን ዕቃ የሚተካው በዚያ ዋጋ ነዋ! ርካሹ የመንግሥት ዶላር ለሰፊው ሕዝብ ዕቃ አላረከሰም። ወረፋውን የሚያውቁትን ሰዎች ግን አበልጽጓል።

ሌላም ነገር ነበር። ቡናና ሰሊጥ የሚልኩ አንዳንድ ነጋዴዎች ውጭ አገር በኪሳራ ይሸጡ ነበር። ለምን? ኤክስፖርቱ ላይ የከሰሩትን በዶላሩ ባስገቡት ዕቃ ላይ በእጥፍ ያወጡታል። ዶላሩ ነበር የሚፈለገው፣ ቡናው ሰበብ ነበር። ንጹሕ ላኪው ከእነሱ ጋር መወዳደር ያቅተዋል። ገበሬውም በዚህ መሃል ይጎዳል። ለዓመታት ስንማረርበት የኖርነው ነገር ነው።

ሰኞ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ለቀቀው። በዚያው ቀን የዓለም የገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር የአራት ዓመት ብድር ማጽደቁን አስታወቀ። የ38ቱ ዕቃዎች እገዳ ተነሣ። ባንኮች ለብሔራዊ ባንክ የማስረከብ ግዴታቸው ቀረ። ላኪ ከሚያገኘው ግማሹን በሒሳቡ እንዲይዝ ተፈቀደ። ንግድ ባንክ ያን ቀን ዶላሩን ወደ 75 ብር አወጣው። ነሐሴ 1 ቀን ብሔራዊ ባንክ ጨረታ ሲያወጣ አማካዩ ከ107 ብር አለፈ። በ2017 መጨረሻ ባንኮቹ ከ140 ብር በላይ ደርሰው ነበር።

ከዚህ በፊትም ብር ወርዶ ያውቃል። በ1985 ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም በአንድ ጊዜ 5 ብር ሲገባ ያስታወሳችሁ ትኖራላችሁ። ጥቅምት 2010 ላይ ደግሞ 15 በመቶ ወርዶ ነበር። ያኔ ግን መንግሥት አንድ ቁጥር ትቶ ሌላ ቁጥር ይተክላል፣ ወረፋው እዚያው ይቆማል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ጥቁር ገበያው እንደገና ይርቃል። የሐምሌው የተለየው ቁጥሩን ባንኮቹ ራሳቸው እንዲያወጡ መተዉ ነው። ስለዚህ ዛሬ ባንኩን እንደ ሻጭ መገምገም እንችላለን፤ ድሮ ግን ሻጩ ባንኩ አልነበረም።

እሺ፣ ወደ አገልግሎቱ ልግባ።

መጀመሪያ ስለ ሰነዱ። ፕሮፎርማ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስ፣ የዕቃው መድን፣ ማመልከቻ። በዚህ ባንክ ይህን የምትቀበለው ልጅ ጎበዝ ናት። ጎደለ ያለችውን አንዴ ትናገራለች፣ በማግስቱ ሌላ ጎደለ አትልም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሌላ ቦታ «ይህ ይቅር፣ ያ ይምጣ» እየተባሉ የሚመላለሱ ሰዎች አውቃለሁ። ሰነዱ ከተሟላ በኋላ የሚቀጥለው መልስ በስልክ ይመጣል፣ እሱም በሳምንታት ውስጥ። ለዚህኛው ክፍል ከፍ ያለ ነጥብ እሰጣለሁ።

ኤልሲው ሲከፈት ሙሉ ብሩ አስቀድሞ ይታገዳል። መቶ በመቶ። ትንሽ አስመጪ እዚህ ላይ ነው ወገቡ የሚቆረጠው። ድሮ 20 ሺህ ዶላር ለማዘዝ የሚያስፈልገው ብር ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ብሩ ታግዶ ዕቃው እስኪመረት፣ መርከብ እስኪያገኝ፣ ጅቡቲ እስኪደርስ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ እስኪገባ ወራት ይሄዳሉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ገንዘቡ ለኔ አይሠራም። ብሔራዊ ባንክ በባንኮች የብድር ዕድገት ላይ ያበጀው ጣሪያም ባንኮቹን ስለያዛቸው ብድር ብትጠይቁ መልሱን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ዶላር እንደልብ ቢኖርም ትልቁ ነጋዴ ይገዛል፣ ትንሹ ብር ፍለጋ ይሮጣል። ወረፋው ከዶላር ወደ ብር ዞረ ብል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ክፍያው።

ባንኩ ሰሌዳ ላይ የሚለጥፈው የዕለቱን መግዣና መሸጫ ዋጋ፣ ሬት የምንለውን፣ ነው። አንድ አስመጪ ያንን አይቶ ሒሳቡን ሠርቶ ይገባል። ከዚያ የኤልሲ መክፈቻ ኮሚሽን ይመጣል። የአገልግሎት ክፍያ ይመጣል። የስዊፍት፣ ማለትም ባንኮች የሚላላኩበት መልእክት ክፍያ፣ ይመጣል። የውጭው ባንክ ኤልሲውን ማረጋገጥ ካለበት የእሱ ኮሚሽን ይጨመራል። ኤልሲው ጊዜው ካለፈ ማራዘሚያ፣ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ማሻሻያ፣ ሰነዱ ላይ ልዩነት ከተገኘ ለሱም ክፍያ አለው። እያንዳንዱን ለብቻው ስታዩት ትንሽ ነው። ሲደመር ግን ሰሌዳው ላይ ካለው ቁጥር ጋር አይገናኝም። ከሪፎርሙ በኋላ በነበሩት ወራት ይህ ጭማሪ በአንዳንድ ባንኮች በጣም ስላበጠ ብሔራዊ ባንክ ራሱ ጣልቃ ገብቶ በ2017 ባንኮቹ በውጭ ምንዛሬ ላይ የሚያስከፍሉት ክፍያና ኮሚሽን ከ4 በመቶ እንዳይበልጥ ጣሪያ አበጀ። ጥሩ አደረገ። ገበያው ይወስን ያለ አካል እንደገና ጣሪያ ማበጀቱ የሚጋጭ የሚመስላቸው አሉ። እኔ አይመስለኝም። ዋጋው ተለጥፎ ቢሆን ኖሮ ጣሪያ ባላስፈለገ ነበር፤ ሰዎቹ ራሳቸው ርካሹ ጋ ይሄዱ ነበር።

4 በመቶ እንኳ ስንት እንደሆነ አስሉት። 20 ሺህ ዶላር በ140 ብር 2 ሚሊዮን 800 ሺህ ነው። አራት በመቶው 112 ሺህ ብር። ለኔ ይህ አንድ ካርቶን ሞተር ነው። ሙሉ በሙሉ ከትርፌ ላይ የሚነሣ፣ ወይም ሽሮ ሜዳ ያለችው ሰፊ ላይ የሚጨመር ገንዘብ ነው። እሷ መርፌ ስትገዛ የኤልሲ ኮሚሽን እየከፈለች እንደሆነ አታውቅም፤ ግን እየከፈለች ነው።

እዚህ ባንክ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ከመክፈቴ በፊት «ጠቅላላ ስንት ይወጣል?» ብዬ ጠየቅሁ። መስኮቱ ላይ ያለው ወጣት ጨዋ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ሬቱ ሰሌዳው ላይ አለ፣ ሌላው በሒሳቡ ላይ ይቆረጣል» አለኝ። ስንት እንደሚቆረጥ ጠየቅሁት። «እንደ ሁኔታው ነው፣ ጋሼ» አለ። ሁኔታዎቹ ምንድን ናቸው ብዬ ስገፋው ወደ ኃላፊው መራኝ። ኃላፊው በቃል ነገሩኝ። በጽሑፍ ይስጡኝ ስላቸው «እንዲህ ዓይነት ፎርም የለንም» አሉ። ክፋት አላየሁባቸውም፤ ሁለቱም ያላቸውን መልስ ነው የሰጡኝ። የጎደለው አሠራሩ ነው። በኋላ የተቆረጠው በቃል ከተነገረኝ ይበልጥ ነበር። ማስረጃ ስላልነበረኝ ክርክሩ የትም አልደረሰም።

ሁለተኛው ነገር የሬቱ ቀን ነው። ብር በየሳምንቱ እየወረደ ባለበት አገር ዶላሩ በየትኛው ቀን ሒሳብ እንደተሸጠ ትልቅ ጉዳይ ነው። ኤልሲ በከፈትኩበት ቀን? ወይስ ሰነዱ ደርሶ ባንኩ ለውጭው ባንክ በከፈለበት ቀን? በመሃል ወራት አሉ። ልዩነቱ በዶላር አምስት ብር ቢሆን እንኳ በ20 ሺህ ዶላር ላይ 100 ሺህ ብር ነው። መቶ በመቶ ብሬን አስቀድመህ ካገድክብኝ፣ ዶላሩንም ያን ቀን ሸጠህልኛል ብዬ ነው የማስበው። ባንኩ ግን እንደዚያ ላያስብ ይችላል። ይህንን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። «በየትኛው ቀን ሬት?» በሉ። መልሱን ውሉ ላይ አሳዩኝ በሉ። በቃል «አይዞህ ችግር የለም» የሚለው መልስ ምንም አይሠራም።

ዕቃው ከመጣ በኋላ ጉምሩክ ደግሞ በራሱ ቀን ሬት ያሰላል። ቀረጡ የሚጣለው በብር በተተረጎመው ዋጋ ላይ ስለሆነ ዶላሩ ሲወጣ ቀረጡም አብሮ ይወጣል፤ የቀረጡ በመቶኛ አንዲት ነጥብ ሳይጨምር። ከዚያ 15 በመቶ ቫት በላዩ ላይ ይመጣል። ይህ የባንኩ ጥፋት ስላልሆነ ከነጥቡ አልቀንስበትም። ግን አዲስ የሚገባ ሰው የባንኩን ብቻ አስልቶ እንዳይነሣ ብዬ ነው።

ስለ አማራጮች ትንሽ ልበል። ከመስከረም 2017 በኋላ ከባንክ ውጭ የሆኑ የውጭ ምንዛሬ ቢሮዎች ፈቃድ አግኝተዋል። ለመንገደኛ ጥሩ ነው፤ ጥሬ ዶላር ለመግዛትና ለመሸጥ ነው የሚጠቅሙት። ለአስመጪ ግን ኤልሲ አይከፍቱም። ጥቁር ገበያው አልጠፋም። ከባንኩ በላይ እየከፈለ ዛሬም አለ። እዚያ የሚሄደው ሰው በሦስት ምክንያት ነው የሚሄደው፤ ጉምሩክ ላይ ዋጋ አሳንሶ ለማስገባት የቀረውን በጎን የሚከፍል፣ ገንዘቡን ከአገር የሚያሸሽ፣ እና የባንኩን ወረቀትና ቅንጥብጣቢ ክፍያ ያልቻለ ትንሽ ነጋዴ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ፖሊስና ጉምሩክ ይይዟቸው። ሦስተኛውን ግን ባንኮቹ ነው ወደዚያ የሚገፉት። ባንኩ ግልጽ ዋጋ ቢሰጠው በሕጋዊ መንገድ የማስመጣትን እፎይታ የማይፈልግ ነጋዴ የለም። ሰነድ ይኖረዋል፣ ወጪው በግብር ሒሳብ ላይ ይያዝለታል፣ ሌሊት ይተኛል።

አንዳንድ ጓደኞቼ ሪፎርሙን ጨርሶ ይረግሙታል። ኑሮው ተወደደ ይላሉ፤ እውነት ነው። ደመወዝተኛው ተጎድቷል። መድኃኒት፣ ዘይት፣ ነዳጅ፣ ሁሉም በይፋው ሬት ይገባ የነበረ ነገር ዋጋው ጨምሯል፤ መንግሥት አንዳንዱን ለጊዜው ቢደጉምም። የኔ ዕቃ ድሮም በጥቁር ገበያው ዋጋ ስለሚሸጥ ሐምሌ ላይ በእጥፍ አልዘለለም። ስለዚህ ከኔ ሱቅ ብቻ ተነሥቼ «ምንም አልተወደደም» ብል ውሸት ይሆናል። ጡረታ የሚበላ ሰው፣ መምህርና ነርስ የከፈሉት ዋጋ በኔ መለዋወጫ አይለካም። ይህን እያወቅሁም ወደ ወረፋው መመለስ አልፈልግም። ያ ወረፋ ድሃውን ይጠብቃል ተብሎ ሲነገር ኖሮ፣ ዶላሩ የሚደርሰው ስልክ ደውሎ የሚያስፈቅድ ሰው ጋ ነበር።

ዶላሩም የመጣው ከሰማይ አይደለም። በ2017 በጀት ዓመት ቡና ብቻ ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገኝቷል። ወርቅ ደግሞ ድሮ በድንበር በኩል ይወጣ የነበረው፣ ብሔራዊ ባንክ የሚከፍለው ዋጋ ሲስተካከል ተመልሶ በሕጋዊ መንገድ መጣ። ላኪው ዶላሩን በሚገባው ዋጋ ሲሸጥ የሚያመጣበት ምክንያት አገኘ። እኔ ከባንኩ የምገዛው ዶላር የጌዴኦና የጅማ ገበሬ ላብ ያለበት ነው። ለዚህ ነው በመሃል የሚቆረጠው ቅንጥብጣቢ የሚያናድደኝ። ገበሬው ደክሟል፣ እኔ ከፍያለሁ፣ ሰፊዋ ትከፍላለች፤ በመሃል ያለው ሰው ስንት እንደወሰደ የመናገር ግዴታ አለበት።

ስለ ጋርመንት ፋብሪካዎቹ አንድ ነገር በቅንፍ ልበል። አገራችን የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው ሕግ፣ ከአጎዋ፣ ከወጣች፣ ማለትም ከፈረንጆቹ ጥር 2022 ወዲህ፣ ከእነሱ የሚመጣው የመለዋወጫ ትዕዛዝ ቀንሷል። ዶላር ስላገኘን ብቻ ነገሩ አልተስተካከለም። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ መኪናው ካልዞረ መርፌው ለማን ይሸጣል? ንግድ መክፈት የሚባለው የኛን በር መክፈት ብቻ ከሆነ ግማሹ ጎድሏል። የሰው በርም ለኛ ዕቃ መከፈት አለበት። ወደ ዓለም የንግድ ድርጅት ለመግባት ያመለከትነው በ1995 ነው። ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ ራሱ ነጋዴ ሆኗል።

የሚመጣውንም ማሰብ አለብን። ሚያዝያ 2016 ላይ የማስመጣት፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብት መከፈቱ ታውቋል፤ ማዳበሪያና ነዳጅ ሲቀሩ። ታኅሣሥ 2017 ላይ ደግሞ ፓርላማው የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደውን አዋጅ አጽድቋል። እንደ አስመጪ የመጀመሪያው ያስፈራኛል። ጓንግዡ ያለው አቅራቢዬ ነገ እዚህ መጥቶ መጋዘን ቢከፍት ካፒታሉ ከኔ ጋር አይወዳደርም። እንደ ባንክ ደንበኛ ግን ሁለተኛውን በጉጉት እጠብቃለሁ። የውጭ ባንክ ሲመጣ ትልልቁን ደንበኛ ይዞ ትንሹን ሊንቅ እንደሚችል አውቃለሁ። ቢሆንም የክፍያ ዝርዝሩን በወረቀት የሚሰጥ አንድ ባንክ ከመጣ ሌሎቹም ለመስጠት ይገደዳሉ። የኛዎቹ ባንኮች ያ ቀን ሳይመጣ ቢጀምሩት እመርጣለሁ። ደንበኛውን ያውቁታል፣ ሠራተኞቻቸው ትጉ ናቸው፣ መርካቶን በእግራቸው ዞረውታል። ይህን ሁሉ ይዘው በአንዲት ፎርም መሸነፍ የለባቸውም።

ነጥቡን ልስጥ። ለዶላር መገኘት ከአምስት አምስት። ለሰነድ አያያዝና ለሠራተኞቹ ጨዋነት አራት ተኩል። ለፍጥነት አራት። ለዋጋ ግልጽነት አንድ፤ እሱንም የሰጠሁት የዕለቱን ሬት በሰዓቱ ስለሚለጥፉ ነው። ጠቅላላው ሦስት ተኩል ገደማ ይመጣል። ለሌላ ሰው እመክራለሁ ወይ? አዎ፣ ግን እነዚህን ነገሮች ይዞ ይሂድ፤ የኮሚሽኑና የክፍያው ጠቅላላ በመቶኛ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ፣ ሬቱ በየትኛው ቀን እንደሚያዝ በውሉ ላይ፣ የውጭው ባንክ ክፍያ በማን እንደሚሸፈን ከአቅራቢው ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ። ዕቃው ትንሽ ከሆነ ደግሞ ኤልሲ ከመክፈት በቲቲ፣ ማለትም በባንክ በቀጥታ በሚላክ ገንዘብ፣ ቅድሚያ መክፈል ይሻል እንደሆነ ይጠይቅ፤ የቅድሚያ ክፍያው ጣሪያ ከድሮው ከፍ ብሏል። ይህን ግን ለሚያምነው አቅራቢ ብቻ ያድርገው። ብሩ አንዴ ከሄደ ባንኩ አያስመልስለትም።

ለቀጣዩ ትዕዛዜ ፕሮፎርማውን ለብዙ ባንኮች ነው የማስገባው፤ ለሁሉም የምጠይቀው አንድ ነው፤ ጠቅላላ ዋጋው ተደምሮ በማኅተም ይሰጠኝ። የሰጠኝን ባንክ ስሙን ጠርቼ እጽፍላችኋለሁ።